በቅጠላቸው የሚበሉ አበቦች

ባለፈው ሳምንት የዛገ ቢላ በሎሚ ስፈትግ ከእጄ የተነሳው ሽታ ድንገት አስቆመኝ። ሎሚና እርጥብ ብረት ሲገናኙ የሚሰጡት ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ለሌላ ሰው ምኑም አይደለም፤ ለእኔ ግን አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ጭሮ በምትባለው ከተማ፣ የነበረውን የልጅነት ግቢያችንን ይዞብኝ ይመጣል። ፀሐይ ገና ከጋራው ጀርባ ሳትወጣ እናቴ ሻሿን አጥብቃ፣ የፍሊት መርጫውን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ቅርንጫፍ ቀና እያደረገች በጽጌረዳዎቹ መሀል ስትመላለስ፣ መርጫውም «ፍስ፣ ፍስ» ሲል ይታየኛል፣ ይሰማኛልም። ቢላውን አስቀምጬ በረንዳው ላይ ትንሽ ቁጭ አልኩ።

አባቴ ከድር የስልጤ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ለንግድ ብሎ መጥቶ ጭሮን ወደዳት፣ እዚያው ሱቅ ከፍቶ፣ ከዋናው መንገድ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ቤት ሠርቶ፣ ከዚያ ወደ አገሩ ተመልሶ እናቴን ራህመትን አግብቶ አመጣት። ከደንበኛ ጋር አማርኛ፣ ከገበሬ ጋር ኦሮምኛ ይነጋገር ነበር፤ ስልጥኛን የሚያወጣው ከእናቴ ጋር ሲጨቃጨቁ ብቻ ስለነበር እኔና ታላቅ እህቴ ሰአዳ የወላጆቻችንን ቋንቋ የተማርነው በአብዛኛው ከጭቅጭቃቸው ነው። እናቴ ስትመጣ ከልብስ ጓዟ ጋር በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለሉ የጽጌረዳ ቁርጥራጮች ይዛ ነበር አሉ። ከቤቱ ፊት ለፊት ተከለቻቸው። እኔ ነፍስ ሳውቅ እነዚያ ቁርጥራጮች ቁመታቸው ከእኔ በልጦ፣ በግራና በቀኝ ሌሎች ጽጌረዳዎች ተጨምረውላቸው፣ በረንዳው ላይ ደግሞ በዘይት ቆርቆሮ የተተከሉ ዳሊያዎች ተደርድረው፣ መንገደኛው ሁሉ አንገቱን አስግጎ የሚያየው ግቢ ሆኖ ነበር።

እናቴ በዚያ ከተማ እህትም አክስትም አልነበራትም። ጎረቤቶቿን ትወድ ነበር፣ ኦሮምኛውንም ቀስ በቀስ ለምዳዋለች፤ ቢሆንም ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ አበቦቿ ነበር። አፈራቸውን ትኮተኩታለች፣ የደረቀውን ትለቅማለች፣ አንዳንዴም በስልጥኛ ታወራቸዋለች። አባቴ ይህን ሲሰማ «ማን ጋር እየተጣላሽ ነው?» ይላት ነበር።

ከዚያ የከተማ ቤት አዋጅ መጣ። ከቅንጭብ አጥራችን ማዶ የነበረው፣ አባቴ እቃ የሚያከማችበት ሁለተኛው ቤታችን ተወረሰና የቀበሌ ሆነ። አባቴ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሲናገር አልሰማሁትም፤ እቃውን ግን የሚያደርግበት አጣ። የጨው ጆንያው፣ የሳሙናው ካርቶን፣ የፋኖሱ ሳጥን ሁሉ ተግዞ ወደምንኖርበት ቤት ገባ። እኔና ሰአዳ በጆንያ መሀል በተነጠፈ ፍራሽ ላይ እንተኛ ነበር፤ ሌሊት ስንገላበጥ ክርናችን ጨው ይነካል። እንግዳ ሲመጣ አንዱን ካርቶን ገፍተን፣ ሌላውን እንደ ወንበር አቅርበን ነበር የምናስቀምጠው። እናቴ ታፍር ነበር።

በዚያው በጋ ጽጌረዳዎቹ መገርጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ጫፍ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ብጫ ሆነ፤ የቅጠሉ ደም ሥሮች ብቻ አረንጓዴ ሆነው እንደ ቀጭን መረብ ይታዩ ነበር። ከዚያ ብጫው ወደ ነጭ ሄደ፣ እንቡጦቹ ሳይፈኩ ደረቁ። እናቴ ፍግ ጨመረች፣ ውሃ ጨመረች፣ ጥላ ሠራችላቸው፤ ምንም ለውጥ የለም። አንድ ቀን ከሰዓት አባቴ ከሱቅ ሲመለስ አዲስ ቆርቆሮ በሸክም አስመጥቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈና በአበባው መደብ ዳር ዳር በእርምጃው እየለካ ይዞር ጀመር። እናቴ ከበረንዳው ታየዋለች።

«ምን ልታደርግ ነው የሰአዳ አባት?»

«መጋዘን ነዋ። ራህመት፣ ልጆቹ እኮ የሚተኙት ጨው ላይ ነው።»

«ሌላ ቦታ ሥራ።»

«ሌላ ቦታ የት አለ? አሳዪኝና ልሥራ።» ቆም ብሎ ወደ ጽጌረዳዎቹ አየ። «ቢያምሩ እኔም አልነካቸውም ነበር። አሁን ግን እያቸው፣ እየሞቱ ነው። የሚሞት ነገር ቦታ ይዞ ምን ያደርጋል?»

እናቴ ከበረንዳው ወርዳ በእሱና በመደቡ መሀል ቆመች። «በልጉ ይምጣ» አለች በመጨረሻ። «ዝናብ ካገኙ ይነሳሉ።»

«እሺ፤ በልጉ እስኪያልፍ።»

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ ከአበባውና ከሰፊ ፍራሽ ፍራሹን እመርጥ ነበር።

በተወሰደው ቤታችን ውስጥ ቀበሌ ያስገባት ዘነበች የምትባል ከወደ ሸዋ የመጣች ያላገባች ሴት ነበረች፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የቡና ችግኝ ጣቢያ ትሠራለች። ጠዋት በቦት ጫማ ወጥታ ማታ ጭቃ በጭቃ ሆና ትመለሳለች። እናቴ አታናግራትም ነበር። ሰላምታ አትነፍጋትም፤ ግን ሰላምታውን ስትሰጣት ዓይኗ የሚያርፈው ከዘነበች ራስ በላይ፣ በቤቱ ጣሪያ ላይ ነበር። አባቴ «እሷ ምን አደረገች? ኪራዩን ለቀበሌ ትከፍላለች፣ ትኖራለች» ሲላት «ምን አልኳት?» ትል ነበር።

አንድ ጠዋት እናቴ የነጣውን ቅጠል በጣቷ እያሻሸች ሳለ ዘነበች ከቅንጭቡ ማዶ ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እትዬ ራህመት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እሱ በሽታ አይደለም። ርቦት ነው።»

እናቴ ዞር አላለችም። «አፈር አለው፣ ውሃ አለው፣ ፍግ አለው። ምን ይርበዋል?»

«ምግቡ አፈሩ ውስጥ አለ። ግን ይሄ ነጭ አፈር ይይዝበታል እንጂ አይለቅለትም። የኛም የቡና ችግኞች እንዲህ ይሆናሉ። በሥር እምቢ ሲል በቅጠል እናበላቸዋለን።»

«በቅጠሉ የሚበላ ነገር አይቼ አላውቅም» አለችና እናቴ ወደ ቤት ገባች። ከገባች በኋላ ግን በመስኮቱ መጋረጃ ጥግ ዘነበችን ስታያት አየሁ።

ነጩ አፈር እውነት ነበር። ከተማችን የቆመችበት ተዳፋት ትንሽ ሲቆፈር እንደ ኖራ የነጣ ድንጋይ ይወጣል፤ የቧንቧው ውሃም ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራ ነበር። እናቴ መጀመሪያ ስትተክላቸው ጥቁር አፈር ከጫካ አስመጥታ ነበር፤ ሥሮቹ ያን አልፈው ወደ ነጩ ሲወርዱ ነው የተራቡት። ይህን ያወቅነው ኋላ ነው።

የበልጉ ዝናብ ሊጀምር አካባቢ፣ እናቴ አንድ ቀን ትኩስ ሳምቡሳ በሳህን ደርድራ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ እኔን አስከትላ ወጣች። ወዴት እንደምንሄድ አልነገረችኝም። በውጪ ዞረን የድሮ ቤታችን በር ላይ ስንቆም እጇ ለማንኳኳት ተነስቶ ትንሽ ዘገየ። ያን በር ስታንኳኳ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ድሮ ቁልፉ የሷ ነበር።

ዘነበች ከፍታ ስታያት ደነገጠች። «ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ።» ገባን። ጆንያ በጆንያ ላይ ይከመርበት የነበረው ክፍል ውስጥ አንዲት የሽቦ አልጋ፣ አንዲት ጠረጴዛ፣ በምስማር የተሰቀለ ካፖርትና በመስኮቱ ሥር በጣሳ የተተከለች አንዲት የቡና ችግኝ ነበሩ። ሌላ ምንም የለም። እናቴ ዙሪያውን አየች። ምናልባት በልቧ የሞላ ቤት ጠብቃ ኖሮ እንደሆነ እንጃ፣ ፊቷ ላላ።

«ብቻሽን ነሽ?» አለቻት።

«ብቻዬን ነኝ እትዬ።»

«እናትሽስ?»

«ሩቅ ናት።»

እናቴ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አደረገች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ብይ፣ ሳይቀዘቅዝ። ከዚያ ያን በቅጠል የምትዪውን ነገር ንገሪኝ።»

ዘነበች በጣሳ ያመጣችልን ነገር ደቃቅ የአሞሌ ስብርባሪ የሚመስል፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጨው ነበር፤ የብረት ጨው ትለዋለች። እርጥብ እጅ ከነካው ቡናማ አድርጎ ያቆሽሻል፤ ልብስ ላይ ካረፈ አይለቅም። የሚበጠበጠው በቧንቧ ውሃ ሳይሆን በዝናብ ውሃ ነው፤ ስለዚህ በአሸንዳው ሥር በርሜል አቆምን። በአንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ አንዲት የሻይ ማንኪያ ብቻ፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ቅጠሉ ላይ እንዲጣበቅ ትንሽ ሳሙና ይሟሟበታል። ዘነበች ስታስረዳ ሥራ ቦታዋ ላይ ያለች ይመስል ድምፅዋ ይጠነክር ነበር።

«ጠዋት ከፀሐይ በፊት ነው፣ ወይ ማታ ፀሐዩ ሲበርድ። በቀትር ከሆነ ይቃጠላል። የቅጠሉን ጀርባ አይርሱ እትዬ፤ አፉ በጀርባው ነው። ሲቀጥን ነው የሚሻለው። ከበዛ መርዝ ነው።»

መርጫው ከአባቴ ሱቅ ነበር የመጣው። ሰአዳ ሄዳ ስትጠይቀው «ለትንኝ ነው?» አላት። «ለአበባ» አለችው። አባቴ ከመደርደሪያው ላይ የነበረውን ትቶ ከሳጥኑ ውስጥ ያልተነካ አዲስ አወጣ፣ በክንዱ ጠረገና «ፍሊት የነካው አይሁን፣ ይገድላቸዋል» ብሎ ሰጣት። ሰአዳ ይህን ለእናታችን ስትነግራት እናቴ ፈገግ አለች።

እናቴ ሁሉንም አላመነችም። ጥግ ላይ ያለውን፣ ሊሞት የደረሰውን አንዱን ጽጌረዳ ብቻ መረጠችና «ይሄ ከሞተም የሞተ ነው» ብላ እሱን ብቻ ረጨች። ለተወሰኑ ቀናት ጠዋት ጠዋት ሁላችንም እሱ ዘንድ እየሄድን እናጎነብስ ነበር። ያረጀው ቅጠል ያው ብጫ ነው። እናቴ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ከጫፉ አዲስ ቅጠል ወጣ፤ መጀመሪያ እንደማንኛውም የጽጌረዳ ለጋ ቀላ ብሎ፣ ከዚያ ሲዘረጋ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ። እናቴ «ሱብሃነላህ» አለች በቀስታ። ከዚያ ቅንጭቡን በእጇ ገለጥ አድርጋ ጮክ ብላ ተጣራች፦ «ዘነበች! ነይ እዪው፣ በላ!»

በዚያ በልግ ሁሉም ተረጩ፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆኑ። በግንቦት ጽጌረዳዎቹ አብበው ግቢው ቀላ። ዘነበች ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ በቀጥታ ወደ እኛ መምጣት ለመደች፤ በቅንጭቡ መሀል የምትሽሎከለክበት ቀዳዳ ተከፍቶ ነበር፣ እናቴም እንዲደፈን አላዘዘችም። በረመዳን ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ አዛን ትጠብቅ ነበር፤ በጾሟ ጊዜ ደግሞ እናቴ ለብቻዋ በዘይት የተሠራ ወጥ ታቆይላታለች። ስለ ቤቱ ግን አንድም ቀን አንስተው ሲያወሩ አልሰማሁም።

አባቴ ቆርቆሮውን አላነሳውም፣ ምስማርም አልመታበትም። ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ቆየ። ስለ መጋዘኑ የሚጠይቀው ሲኖር «እስቲ እናያለን» ይል ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣ። የገለምሶ ነጋዴ ልጅ ሽማግሌ ልኮ ሰአዳን ጠየቀ፣ ተሰጠችው፣ የጋብቻ ሥርዓቱ ኒካሑም ከመስከረም በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። እናቴ ያን ቀን ማታ ግቢውን እያየች «አማቾቿ ሲገቡ ጆንያውን ሳይሆን አበባውን ነው የሚያዩት» ስትል ሰማኋት። ብዙም ሳይቆይ ከአገራቸው የመጣ አንድ ነጋዴ አባቷ መታመሙን፣ ስሟንም እየጠራ መሆኑን ነገራት። በነጋታው ጓዟን ጠቀለለች። መኪና ልትሳፈር ስትወጣ ለሰአዳ ስለ ጽጌረዳዎቹ አንድ በአንድ ነገረቻት፣ ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች።

«አንተ ደግሞ እንዳትነቅላቸው ብቻ።»

«አልነካቸውም» አለ አባቴ።

ዘነበችም በዚያው ሰሞን ወደ ቦኬ ሄደች። ክረምት የቡና ችግኝ ለገበሬ የሚታደልበት ጊዜ ስለሆነ የጣቢያው ሠራተኞች በየዓመቱ ለሳምንታት እዚያው ይሰነብቱ ነበር። ግቢው ጭር አለ። ሰአዳ ትረጫለች፣ ዝናቡ ከሰዓት መጥቶ ያጥበዋል፤ እንደገና ትረጫለች፣ እንደገና ይታጠባል። ነሐሴ ሲያልቅ ለጋዎቹ ቅጠሎች እንደገና መገርጣት ጀምረው ነበር።

የአያታችን ሞት የተሰማው ያን ጊዜ ነው። አባቴ ከሱቅ ቀደም ብሎ ገባና «ኢና ሊላሂ» ብሎ ነገረን፤ እናታችን ተዕዚያው፣ የሐዘን መቀመጡ፣ ሲያልቅ እንደምትመለስም አከለ። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጽጌረዳዎቹን እያየ ቆየ። በማግስቱ ዝናቡ እረፍት ሰጥቶ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። አባቴ ሱቁን አርፍዶ ሊከፍት ወሰነ መሰለኝ፣ ማድ ቤት ገብቶ ዘነበች የሰጠችንን የብረት ጨው ጣሳ ይዞ ወጣ። ሰአዳ ለሠርጓ ልብስ ልትለካ ሄዳ ነበር። እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ አየዋለሁ፤ አባቴ የሚያደርገውን ነገር አያውቅም ብዬ ማሰብ በዚያን ጊዜ አይቻለኝም ነበር። ባልዲውን ከበርሜሉ ሞላ፣ ጣሳውን ገለበጠበት፣ በእንጨት አማሰለው፣ ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በቀትር ፀሐይ አንድ በአንድ ረጫቸው። የቅጠሉን ጀርባም አልረሳም። ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ፣ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሲቀጥል፣ እንደዚያ ተጠንቅቆ ሲሠራ ሱቅም ውስጥ አይቼው አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት የሰአዳ ጩኸት ቀሰቀሰን። ቅጠሎቹ እሳት እንደነካቸው ጠቁረው ተጠቅልለዋል። ከሰዓት በኋላ መርገፍ ጀመሩ፤ በሦስተኛው ቀን መደቡ ላይ የቀረው እሾህ ያለበት ባዶ እንጨት ብቻ ነበር። የተረፉት በረንዳው ላይ የነበሩት ዳሊያዎች ናቸው፤ የበጠበጠው ውሃ እነሱ ዘንድ ሳይደርስ አልቆ ነበር።

ሰአዳ አለቀሰች፣ ከዚያ ለቅሶው ወደ ቁጣ ተለወጠ። በአባታችን ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ልጅ ወደ ተደገፈው ቆርቆሮ እየጠቆመች «መጋዘንህን ለመሥራት ነው!» አለችው። «እማ እስክትሄድ ነው የጠበቅከው!»

አባቴ ፊቱ ተለወጠ። ይመታታል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ቡናማ የሆኑትን ጣቶቹን አየ፣ ከዚያ መጥረጊያ አንስቶ የረገፈውን ቅጠል መጥረግ ጀመረ። «ስትመጣ እኔው ራሴ እነግራታለሁ» አለ ብቻ።

ነገሩ በሰፈሩም ተወራ። ወተት የምታመጣልን አዴ ሀሊማ ግቢውን አይታ «ያ ረቢ! ከድር ነቀለው እንዴ?» አለች። ሰው ሁሉ ያሰበው ይሄንኑ ነው፤ ቆርቆሮው እዚያው ቆሟል፣ መደቡም ባዶ ነው፣ ሚስቱም የለችም። አባቴ ለማንም አላስረዳም። እነዚያን ቀናት ሲበላ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ሰአዳ ምግቡን አስቀምጣ ወዲያው ትመለሳለች፣ እኔም ከማን ጋር መሆን እንዳለብኝ አላውቅም ነበር።

እናቴ የመጣች ቀን አባቴ ሱቁን ዘግቶ አውቶቡስ ተራ ሄዶ ተቀበላት። እኔና ሰአዳ በሩ ላይ ቆመን ዳገቱን ሲወጡ አየናቸው፤ እሷ ጥቁር ሻሽ አስራ ከፊት፣ እሱ ጓዟን ተሸክሞ ከኋላ። ከስታለች። አቅፋ ሳመችን፣ ከዚያ ቀና ስትል መደቡን አየች።

 አባቴ ጓዙን መሬት አስቀመጠ፣ ቆቡን አውልቆ በእጁ ያዘ።

«እኔ ነኝ» አለ።

እናቴ ወደ አንዱ ጽጌረዳ ቀርባ በአውራ ጣቷ ጥፍር ግንዱን ጫር አደረገች። ከዚያ ሳትዞር ጠየቀችው።

«ምን ያህል ጨመርክበት?»

«ሙሉውን።»

«ሙሉውን ማንኪያ?»

«ሙሉውን ጣሳ።»

አሁን ዞረች። «ጣሳውን? በአንድ ባልዲ?»

«ገርጥተው ነበር። አባትሽን ቀብረሽ ስትመጪ እንዲህ ሆነው እንዳታዪያቸው ብዬ ነው። ቶሎ እንዲደርሱ...» 

እናቴ አየችው። ቡናማ ጣቶቹን አየች፣ የሸሚዙን እጅጌ አየች፣ እሱም ሙሉ በሙሉ ዝጎ ነበር። ከዚያ ከሆዷ የሆነ ነገር ፈነቀላትና ሳቀች። አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ሳቀች፣ አልበቃ ሲላት በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ «ጣሳውን! ያ አላህ፣ ጣሳውን!» እያለች እንባዋ እስኪወርድ። አባቴ ግራ ገብቶት ቆሟል። ቆየት ብሎ ሳቁ ሳይታወቅ ወደ ልቅሶ ሄደ፣ አባቷን እየጠራች አለቀሰች፣ እሱም አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ያየናል ሳይል፣ እስክትጨርስ ጠበቀ። ሰአዳ እጄን ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝ። ማታ እራት ስታቀርብ አባታችንን እጁን አስታጠበችው፣ ጎንበስ ብላ «አውፍ በለኝ አባ፣ ይቅር በለኝ» ስትለው «ብያለሁ፣ ብያለሁ» አላት።

ዘነበች ከቦኬ ስትመለስ ነገሩን ሰምታ ሮጣ መጣች። ግንዶቹን አንድ በአንድ ፈተሸች፤ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ነበሩ። ጫፋቸውን ቆረጠች፣ በዝናብ ውሃ አጠበቻቸው፣ አፈሩንም ደጋግማ አጠጣች። ስትሠራ አባቴ አጠገቧ ቆሞ ነበር። «ጋሼ ከድር፣ ቢያንስ ጀርባውን አልረሱም» ስትለው እናቴ ከበረንዳው እንደገና በሳቅ ፈረሰች። ለጋ ቅጠል ሲወጣ ደግሞ ቀጠን ያለውን ረጩ፤ ባልዲውን የሚሸከመው አባቴ ነበር፣ ማንኪያውን ግን እናቴ ለማንም አትሰጥም።

ለሠርጉ አልደረሱም። ልዋሻችሁ ብፈልግ ሙሽራዋ በጽጌረዳ መሀል ወጣች እል ነበር፤ ሰአዳ የወጣችው በቀላ ለጋ ቅጠልና በበረንዳው ዳሊያ መሀል ነው። ከገለምሶ የመጡት ሴቶች መደቡን እያዩ «ምን ሆኖ ነው?» ሲሉ እናቴ «ከድር አበላቸው፣ ጠገቡ» ብላ መለሰች። አባቴ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ጽጌረዳዎቹ ያበቡት ሰአዳ ከሄደች በኋላ፣ ኅዳር ላይ ነው፤ እናቴ የመጀመሪያዎቹን ቆርጣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በመኪና ላከችላት። በዚያው ሰሞን አባቴ ማድ ቤቱን በጥቂት ክንድ ወደ ጓሮ ገፍቶ፣ በተረፈው ቦታ ቆርቆሮውን አቆመ። ጠባብ መጋዘን ነበር። ጨው ላይ መተኛት ግን ቀረ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። ዘነበች ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረች፣ ስትሄድ እናቴ ታናሽ እህቷን እንደምትሸኝ ሆና ሸኘቻት። መንግሥት ተለወጠ፣ የከተማችን ስም በሰሌዳ ላይ ተለወጠ። አባቴ ሞተ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም እናቴ ተከተለችው። እኔ ሂርና ነው የምኖረው፤ ባል፣ ልጆች፣ ትንሽ ግቢም አለኝ። ዛሬ ለአበባ ቅጠል የሚረጨው ነገር በጠርሙስ ተበጥብጦ፣ ሥዕል ተለጥፎበት፣ መጠኑም ተጽፎበት ይሸጣል። ያኔ ከነበረን ይሄ ይሻላል፤ ማንም ጣሳ አይገለብጥም።

እናቴ ያን ቀን ደረጃው ላይ ከተቀመጠችበት ዕድሜ አሁን እኔ አልፌያለሁ። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፣ ልጆቼም እንደዚሁ፤ ሊያስደስቱኝ ብለው የሚያበላሹብኝ ነገር አይጠፋም። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚመጣብኝ ቁጣ ነው፣ ከቁጣው ቀጥሎ «ሆን ብለው ይሆን?» የሚለው ጥርጣሬ ይመጣል፤ ሳቁ የሚደርሰው ሁሉም ከተኛ በኋላ፣ ብቻዬን ስቀር ነው። በዚያን ዘመን ሰፈሩ በሙሉ፣ ሰአዳም ጭምር፣ አባቴን ጠርጥሮት ነበር። እናቴ የጠየቀችው ግን ስንት እንደጨመረ ብቻ ነው።